የአሜሪካ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ጀመሩ፤ ታዲያ ጭቅጭቁ ለምን አላለቀም?

ቲክቶክ ላይ የምትቆዩ ከሆነ ሊቪ ደንን ሳታዩ አልቀራችሁም። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጂምናስቲክስ ተወዳዳሪ የነበረች፣ ሚሊዮኖች የሚከተሏት ልጅ ናት። ኤፕሪል 2025 ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎት ውስጥ በዙም ገብታ ተቃውሞዋን አሰማች። ለኮሌጅ ስፖርተኞች የተዘጋጀው የካሳ ስምምነት የእኔን ዋጋ በትክክል አላሰላም ነው ያለችው ባጭሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ይቺው ልጅ ከአስር ዓመት በፊት ብትሆን ኖሮ ከአንድ የልብስ ማስታወቂያ ጥቂት ዶላር ስለተቀበለች ብቻ ከውድድር ትታገድ ነበር። ዛሬ ክርክሩ "ይከፈላት ወይስ አይከፈላት" አይደለም። "ስንት ይገባታል? ማን ይክፈላት? ክፍያው ምን ተብሎ ይጠራ?" ነው። በተለይ የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን የጭቅጭቁ ሁሉ ሥር እሷ ናት። እንሂድባት።

መጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንይ። እኛ ጋ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሲባል ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት የሚያደርገው ግጥሚያ፣ ቢበዛ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች ፌስቲቫል ነው ትዝ የሚለን። አሜሪካ ሌላ ዓለም ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ የሚጫወቱበት ግን የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሚካሄደውን የወንዶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር ለማስተላለፍ ሲቢኤስና ተርነር እስከ 2032 ለሚዘልቅ የስምንት ዓመት ውል 8.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ቢግ ቴን የሚባለው የኮሌጆች ስብስብ ብቻውን በ2022 የሰባት ዓመት ውል ሲፈራረም ዋጋው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ነው። ታዲያ ለዓመታት ለተጫዋቹ የሚደርሰው የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብና መጽሐፍ ብቻ ነበር። ለአሰልጣኙስ? የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ኖቬምበር 2023 ላይ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያባርር ለቀሪው ውሉ ያለበት ዕዳ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አዎ፣ እንዳያሰለጥን የሚከፈለው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የመንግሥት ሠራተኛ አገረ ገዢው አይደለም፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው።

▪️ አንድ ቃል ስንት ዓመት ታገለግላለች?

ይሄን ሁሉ የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ ይባላል። የተመሠረተው በ1906 ነው። በዚያ ዘመን በኮሌጅ ፉትቦል ሜዳ ላይ ልጆች ይሞቱ ስለነበር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ ጣልቃ ገብተው ነበር። ማለትም ድርጅቱ የተወለደው ተጫዋቾችን ለመጠበቅ ነው። ይሄን ያዙት።

በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ተጫዋች በጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ባለቤቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ ይገባኛል ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ባሌ በስኮላርሺፕ ይጫወት ነበር፣ ስለዚህ ሠራተኛ ነበር። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 አይደለም አለ። ካሳውም ቀረ።

በእነዚህ ዓመታት ነው "ተማሪ-አትሌት" የሚለው አጠራር የገነነው። ድርጅቱን ከ1951 ጀምሮ ከሦስት አስርት ዓመታት በላይ የመሩት ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን ራሳቸው አፍረጥርጠውታል። ቃሉን የፈጠርነው ተጫዋቾች "ሠራተኛ" እንዳይባሉ፣ ካሳም እንዳይጠይቁ ነው አሉ። ስርዓቱን የገነባው ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ስርዓቱን ሲከስ ማለት ነው። (ሰው ከሥልጣን ሲወርድ እውነቱ ትዝ የሚለው ለምንድነው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ተማሪ ናቸው ከተባለ ደመወዝ የለም። ሠራተኛ አይደሉም ከተባለ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የለም፣ የሠራተኛ ማኅበር የለም፣ ድርድር የለም። አንዲት የተጣመረች ቃል ስልሳ ምናምን ዓመት ይሄን ሁሉ በር ዘግታ ኖረች።

▪️ ግድግዳው የተሰነጠቀው በቪዲዮ ጌም ነው

የዩሲኤልኤ የቀድሞ ኮከብ ኤድ ኦባነን በ1995 ሻምፒዮን ከሆነው ቡድን ውስጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቪዲዮ ጌም ላይ ራሱን አየ። ቁመናው፣ የእጁ አጣጣል፣ የማልያ ቁጥሩ ሁሉ የእሱ ነው። ስሙ ብቻ የለም። ጌሙ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለኤንሲኤኤና ለጌም ኩባንያው ይገባል፣ ለእሱ ምንም። በ2009 ከሰሰ። በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የኤንሲኤኤ ክልከላ የፀረ-ሞኖፖሊ ሕጉን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። የዳኛዋን ስም አትርሱት፤ ከአስር ዓመት በኋላ እንደገና እናገኛቸዋለን።

በዚያው 2014 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው ሻባዝ ናፒየር ቡድኑን ለሻምፒዮንነት እየመራ ለጋዜጠኞች አንድ ነገር ተናገረ። ምግብ መግዣ አጥቼ ተርቤ የምተኛበት ሌሊት አለ አለ። ማልያው ሱቅ ውስጥ እየተሸጠ ነው። ኤንሲኤኤ ደንግጦ በሳምንታት ውስጥ የምግብ ገደቡን አነሳ። አንድ የተራበ ልጅ ማይክ ሲያገኝ የሆነው ይሄ ነው።

ስልክ ደግሞ ከማይክም በለጠ። ማርች 2021 ላይ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዋ ሴዶና ፕሪንስ የሴቶቹን ውድድር የክብደት ማንሻ ክፍል በስልኳ ቀረጸች። ለወንዶቹ የተሟላ ጂም፤ ለሴቶቹ አንድ መደርደሪያ ትናንሽ ክብደት። ድርጅቱ ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው ሲል እሷ ካሜራዋን ዞር አድርጋ ባዶውን አዳራሽ አሳየች። ቪዲዮው ሚሊዮኖች ጋ ደረሰ፤ በማግስቱ ማለት ይቻላል ዕቃው ገባ። ይቺ ልጅ በኋላ በታሪክ ትልቁ በተባለው ክስ ከከሳሾቹ አንዷ ሆናለች።

ከዚያ ነገሮች ፈጠኑ። ካሊፎርኒያ በ2019 ተማሪዎች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ገዢው ጋቪን ኒውሰም የፈረሙት ከሌብሮን ጄምስ ጋር በቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ተቀምጠው ነው። ጁን 2021 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልስተን ጉዳይ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ልብ በሉ፣ በሁሉ ነገር የሚነታረኩ ዘጠኝ ዳኞች አንድ ሆኑ። ክሱ ራሱ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅማ ጥቅሞችን ብቻ የሚመለከት ጠባብ ነገር ነበር። ግን ዳኛ ብሬት ካቫኖ ለብቻቸው የጻፉት አስተያየት የድርጅቱን ጉልበት ሰበረው። ሌላ ማንኛውም የንግድ ዘርፍ "ለሠራተኛ አለመክፈል የዕቃችን መለያ ነው" ብሎ ቢከራከር ማንም አይሰማውም፣ ኤንሲኤኤም ከሕግ በላይ አይደለም የሚል ይዘት ያለው ነው።

ጁላይ 1 ቀን 2021 በሩ ተከፈተ። ኤንአይኤል የሚባለው፣ ማለትም ተማሪው ከስሙ፣ ከምስሉና ከገጽታው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ በመላ አገሪቱ ተፈቀደ።

▪️ የተፈቀደው ማስታወቂያ ነበር፤ የመጣው ጨረታ ነው

ሐሳቡ እንግዲህ አንድ ተጫዋች የመኪና መሸጫ ያስተዋውቃል፣ ኢንስታግራም ላይ ይለጥፋል፣ ይከፈለዋል የሚል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሀብታም ደጋፊዎች "ኮሌክቲቭ" የሚባሉ የገንዘብ ቋቶች አቋቋሙና ተጫዋች መግዛት ጀመሩ። ወረቀቱ ላይ "ማስታወቂያ" ይላል፤ በተግባር "የእኛ ቡድን ና" ነው። ከቡድን ወደ ቡድን መዛወርም ቀለለ። ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ከ2024 ወዲህ የትምህርት ነጥቡ እስካልወደቀ ድረስ በየዓመቱ ቢቀያይርም ይጫወታል።

ሴፕቴምበር 2024 ላይ የኔቫዳ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም አሸንፎ ነበር። ቡድኑን የሚመራው ማቲው ስሉካ የተገባልኝ ቃል አልተጠበቀም ብሎ ወቅቱ ሳያልቅ ጥሎ ወጣ። የእሱ ወገን 100 ሺህ ዶላር ቃል ተገብቶለት ነበር ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የለም አለ። ማን ልክ ነው? እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፣ አንድ ወጣት አገር አቋርጦ የሄደበትን ቃል በእጁ የያዘው ወረቀት አያረጋግጥለትም። ይሄ የ"ሠራተኛ አይደለህም" ዋጋ ነው። ሠራተኛ ቢሆን የቅጥር ውል ይኖረው ነበር፤ ውሉ ሲጣስም የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

▪️ የ2.8 ቢሊዮኑ ስምምነት

አሁን ዳኛ ዊልከን ይመለሳሉ። ጁን 6 ቀን 2025 የሃውስ ክስ የሚባለውን ስምምነት አጸደቁ። ስሙ የመጣው ከከሳሹ፣ ከአሪዞና ስቴት ዋናተኛ ከግራንት ሃውስ ነው።

ስምምነቱ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአስር ዓመት ውስጥ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው ማካፈል ይችላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በየዓመቱም ከፍ ይላል። ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የውጪ የማስታወቂያ ውል ደግሞ እውነተኛ ንግድ መሆኑ ይመረመራል።

20.5 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል። ሂሳቡን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አማካይ የስፖርት ገቢ 22 በመቶ አካባቢ ነው። በፕሮፌሽናሎቹ፣ በኤንቢኤና በኤንኤፍኤል፣ ተጫዋቾች ወደ ግማሽ ይወስዳሉ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበር አላቸው፤ ጣሪያውን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተደራድረው ነው የተስማሙበት። የኮሌጆቹን ጣሪያ የደነገጉት ጠበቆችና ዳኛ ናቸው። ተማሪዎቹ ወክሎ የሚደራደርላቸው ማኅበር የላቸውም።

እዚህ ጋ ነው እኛ ትንሽ ቆም የምንለው። ብዙ ሰው "በቃ፣ ይከፈላቸው ጀመር፣ ምን ቀራቸው?" ይላል። የቀረው ዋናው ነገር ነው። ተወዳዳሪ የሆኑ ድርጅቶች ተሰብስበው "ለሠራተኞቻችን ከዚህ በላይ አንከፍልም" ቢሉ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ለስፖርት ሊጎች የሚፈቀደው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተደረገ ድርድር ስለሚሆን ነው። ኮሌጆቹ ጣሪያውን ይፈልጋሉ፣ ማኅበሩን ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ እየፈለጉ ነው፤ ኮንግረስ ሕግ አውጥቶ ከፀረ-ሞኖፖሊ ክስ እንዲከላከልላቸውና ተማሪዎቹ ተቀጣሪ እንዳልሆኑ በሕግ እንዲደነግግላቸው።

ሞክረው ያዩም አሉ። በ2014 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ማኅበር እናቋቁም አሉ። የሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ የአካባቢ ኃላፊ ሁኔታውን መርምረው ልጆቹ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት ለስፖርቱ እንደሚያውሉ አረጋገጡና ተቀጣሪ ናቸው አሉ። ከዓመት በኋላ ዋናው ቦርድ ጉዳዩን አላይም ብሎ ዘጋው። ማርች 2024 ላይ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ 2 በሆነ ድምፅ ማኅበር መረጡ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን የቦርዱ አባላት በአዲሱ አስተዳደር ሊቀየሩ ስለሆነ፣ መጥፎ ውሳኔ ለሌሎችም እንቅፋት እንዳይሆን በሚል ጥያቄያቸውን ራሳቸው አነሱት። ጁላይ 2024 ላይ ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ተጫዋቾች እንደየሁኔታው ተቀጣሪ ሊባሉ ይችላሉ ብሏል። ማለትም በሩ አልተዘጋም፣ አልተከፈተምም። ገርበብ ብሎ ነው ያለው።

▪️ "ስኮላርሺፕ አይበቃቸውም እንዴ?"

ኮመንት ላይ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ እኛም አንንቀውም። በተለይ እኛ አገር ሆኖ ለሚያነብ ሰው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሎተሪ ነው። በዓመት ብዙ አስር ሺህ ዶላር የሚያወጣ ትምህርት በነፃ አግኝቶ ደግሞ ደመወዝ?

ግን ስኮላርሺፑን ከሥራው ጋር አነጻጽሩት። በሳምንት 40 ሰዓት የሚለማመድና የሚጓዝ ልጅ የፈለገውን የትምህርት ዘርፍ መምረጥ ይከብደዋል፤ ከልምምድ ሰዓት ጋር የሚጋጭ ላብራቶሪ ያለበትን ኮርስ ይተወዋል። ከኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ወደ ፕሮፌሽናል የሚያልፉት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም። ቀሪዎቹ ይዘው የሚወጡት ያቺን ዲግሪና የተጎዳ ጉልበታቸውን ነው። ለብዙዎቹ ገበያው ላይ ዋጋ የነበራቸው እነዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ናቸው። ዋጋ ባላቸው ሰዓት አትከፈሉም፣ ሊከፈላችሁ ሲፈቀድ ዋጋ የላችሁም።

ሌላው መከራከሪያ ከበድ ይላል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከስፖርት አያተርፉም። እውነት ነው። ኤንሲኤኤ ስር ከ1,000 በላይ ኮሌጆችና ከ500 ሺህ በላይ ስፖርተኞች አሉ፤ በስፖርት ከሚያወጡት በላይ የሚያስገቡት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ሂሳቡ ግን ሲጻፍ የአሰልጣኙ ሚሊዮኖችና የልብስ መቀየሪያው ቤት እብነ በረድ ወጪ ውስጥ ገብተው ነው "አላተረፍንም" የሚባለው። ለተጫዋቹ መክፈል ሲከለከል ገንዘቡ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ አሰልጣኝ ላይና ሕንፃ ላይ ይፈሳል። ይህ የትልልቆቹ ታሪክ ነው። ለትንንሾቹ ግን እውነተኛ ችግር አለ። የእነሱ ስም በክሱ ባይኖርም የ2.8 ቢሊዮኑ ክፍያ ከሚደርሳቸው ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ፔንሲልቬኒያ ያለው የሴንት ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲ ማርች 2025 ላይ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለታላቁ ውድድር ባለፈበት ሰሞን ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወጥቶ የስፖርት ስኮላርሺፕ ወደማይሰጥበት ሦስተኛ ዲቪዚዮን እንደሚወርድ አስታወቀ። አሸንፎ የሚወርድ ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

▪️ ሴቶቹስ?

የካሳው ቀመር ለፉትቦል 75 በመቶ፣ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ 15፣ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ 5፣ ለቀሪው ስፖርት ሁሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶችም አዲሱን ገንዘብ በዚሁ መንገድ ለማከፋፈል አስበዋል። ከ1972 ጀምሮ ያለው ታይትል ናይን የሚባል ሕግ ግን የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ ይከለክላል። ጃንዋሪ 2025 ላይ የባይደን አስተዳደር ሊወጣ ሲል ክፍያው ለወንዶችና ለሴቶች ተመጣጣኝ መሆን አለበት አለ፤ ፌብሩዋሪ ላይ የትራምፕ አስተዳደር መመሪያውን ሻረው። ሴት ስፖርተኞች ይግባኝ ጠየቁ፤ በዚህም የተነሳ የካሳው ክፍያ ተያዘ።

"ፉትቦሉ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ ፉትቦሉ ይውሰድ" የሚለው ክርክር ጠንካራ ይመስላል። እኛን ግን አያሳምነንም። የሴቶቹ ውድድር ለዓመታት የማስተላለፊያ መብቱ ለብቻው ሳይቀርብ ከሌሎች ጋር ተጠቅልሎ ሲሸጥ ነበር፤ ያልተሸጠ ነገር ገቢ አላስገባም ተብሎ እንዴት ይወቀሳል?

▪️ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው

የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 1500 ሜትርን አስታውሱ። ወርቅ ኮል ሆከር፣ ብር ጆሽ ከር፣ ነሐስ ያሬድ ንጉሤ። ሦስቱም የአሜሪካ ኮሌጅ ውጤት ናቸው፤ ሆከር የኦሪገን፣ ታላቋ ብሪታንያን ወክሎ የሮጠው ስኮትላንዳዊው ከር የኒው ሜክሲኮ፣ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተሰቦች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ደግሞ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ። ያሬድ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ነበር።

የኮሌጅ ሩጫ ቲኬት አይሸጥም ማለት ይቻላል። የሚኖረው ፉትቦሉ በሚያስገባው ገንዘብ ነው። አሁን 20.5 ሚሊዮኑ ከየት ይምጣ ሲባል ዓይን የሚያርፈው እንዲህ ባሉ ስፖርቶች ላይ ነው። በድሮው ደንብ አንድ ትምህርት ቤት ለወንዶች ሩጫና ሜዳ ተግባር በጠቅላላ 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር መስጠት የሚችለው፤ ለዚህም ነው አንዱን ስኮላርሺፕ ለሦስት ልጅ የሚቆራርሱት። አዲሱ ደንብ ገደቡን አንስቷል፤ በምትኩ የቡድኑን ብዛት ገድቧል። ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ 45 ሰው። ሲሰማ ደስ ይላል፣ 45ቱም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊያገኙ ይችላሉ። ግን "ይችላሉ" ነው እንጂ "ያገኛሉ" አይደለም፤ ገንዘቡን ማን ያመጣል? ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ እየተለማመዱ ቀስ ብለው የሚያድጉት ደግሞ ቦታ ያጣሉ። ዳኛ ዊልከን ራሳቸው ለእነዚህ ልጆች መላ ካልተፈለገ አላጸድቅም ብለው ስምምነቱን አዘግይተው ነበር፤ በዚያ ምክንያት ቦታቸውን ያጡት ልዩ መብት አገኙ። የሚቀጥሉት ዓመታት ልጆች ግን ያ መብት የላቸውም።

ከዚህ ሄደው የሚማሩት ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለባቸው፤ ቪዛው። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለፈቃድ ከካምፓስ ውጪ መሥራትን ይከለክላል። ኤንአይኤል ሥራ ነው ወይስ አይደለም? እስካሁን ግልጽ መልስ የሰጠ ሕግ የለም። በ2022 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የተባለው ኮንጎአዊው ኦስካር ሺብዌ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ማስታወቂያ ሲሠሩ እሱ ቪዛዬ ይበላሽብኛል ብሎ ይጠነቀቅ ነበር። ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ ግን ከአሜሪካ ምድር ውጪ ስለሆነ እዚያው ፎቶውንም ቪዲዮውንም ሠራ። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የራሱን ፊት ለመሸጥ ባሕር መሻገር ነበረበት!

ትምህርት ቤቶች አዲሱን የገቢ ክፍፍል ለውጭ ተማሪ ይሰጣል አይሰጥም በሚለው ላይም አንድ አቋም የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ጠበቆች "ልጁ ምንም ሳይሠራ ለምስሉ የሚከፈል ስለሆነ ሥራ አይደለም" ይላሉ፣ ሌሎቹ ይፈራሉ። ጥፋት ከተገኘ ቪዛው የሚሰረዘው የልጁ እንጂ የጠበቃው አይደለም።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 24 ቀን 2025 በኮሌጅ ስፖርት ላይ ትዕዛዝ ፈርመዋል፤ የደጋፊዎች ክፍያ እንዲቆም፣ የተጫዋቾቹ የሥራ ሁኔታም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲብራራ የሚጠይቅ። ትዕዛዝ ግን ሕግ አይደለም፤ ኮንግረሱ ገና እየተጓተተ ነው።

ስለዚህ ከመካከላችሁ ሰዓቷ ጥሩ የሆነ እህት ወይም የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ በኢንስታግራም የጻፈለት ወንድም ያላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ስኮላርሺፑ ሙሉ ነው ወይስ የተቆራረሰ? ለስንት ዓመት ነው? ብጎዳ ይቀጥላል? ሕክምናዬን ማን ይከፍላል፣ ከተመረቅሁ በኋላስ? ከ17ቱ አንዷ ነኝ ወይስ ተጠባባቂ? የተባለውን ሁሉ በኢሜይል አስጽፉ። ጎዳና ላይ ሮጣችሁ ወይም ከማናጀር ጋር ፈርማችሁ የሽልማት ገንዘብ የወሰዳችሁ ደግሞ፣ የኮሌጅ ተወዳዳሪነታችሁን ሊያስጠይቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ለትምህርት ቤቱ ሳትደብቁ ንገሩ። ኤንአይኤል የሚባል ነገር ካቀረቡላችሁ ደግሞ ከአሰልጣኙ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ፤ ቪዛችሁን የሚያውቀው እሱ ነው።